ስዊች ሰክቼ ቢሮው በሙሉ ኢንተርኔት አጣ፣ ምን አጥፍቼ ነው?

ህትመት_ቤት | ሰኞ 5፡10 ረፋድ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ገርጂ አካባቢ አነስተኛ የህትመትና የማስታወቂያ ስራ ቤት አለችኝ፣ አምስት ኮምፒውተር፣ አንድ ትልቅ ፕሪንተርና የካሜራ ዲቪአር (ቀረፃውን የሚይዘው ሳጥን) አለ። ፋይበር ገብቶልኛል፣ ግን ፋይበሩ የሚገባበት ነጩ ሳጥን (ራውተሩ ማለቴ ነው) ከኋላው አራት የላን ፖርት (የኔትወርክ ኬብል ቀዳዳ) ብቻ ነው ያለው። እስካሁን ሶስቱ ኮምፒውተሮች በኬብል ሁለቱ በዋይፋይ ነበሩ፣ አራተኛዋን ፖርት ፕሪንተሩ ይዟት ዲቪአሩ ጭራሽ ኔትወርክ ላይ የለም። ዋይፋይ ላይ ያሉት ልጆች ከዋናው ኮምፒውተር የባነር ፋይል ሲጎትቱ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ ገና 30 ፐርሰንት ነው።

ስለዚ ቅዳሜ መርካቶ ሄጄ ባለ 8 ፖርት ጊጋቢት ስዊች (የኬብል ቀዳዳ የሚያበዛ ሳጥን) ገዛሁ። ሻጩ ምንም ሴቲንግ የለውም ሰክተህ መጠቀም ነው አለኝ፣ እውነትም ሰክቼው ሰራ፣ ቅዳሜ ማታ ምን የመሰለ ነገር ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ስንከፍት ሁሉም ነገር ሞቷል። ዋይፋይ ይያያዛል ግን ምንም አይከፍትም፣ በኬብል ያሉትም እንደዛው፣ የራውተሩን ገፅ በ192.168.1.1 ልግባ ብል እሱም እምቢ። ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ትንሽ ይሰራና ተመልሶ ይሞታል። ስዊቹን ከመብራት ስነቅለው ዋይፋዩ ወዲያው ይመለሳል። ስዊቹ ተቃጥሎ ነው? መልሼ ልውሰደው? ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው በናታችሁ።

ፈጣን_ጣት | ሰኞ 5፡18

ዋን ፖርት (ኢንተርኔቱ የሚገባበት ቀዳዳ) ላይ ሰክተኸው እንዳይሆን? ስዊች ከራውተሩ ላን ፖርት ነው መውጣት ያለበት፣ ዋን የሚለው ላይ ከሰካኸው አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) አይሰጥህም።

ህትመት_ቤት | ሰኞ 5:20

ዋን የሚል የለውም ፋይበሩ ራሱ ነው የሚገባው። ላን 1 ላይ ነው የሰካሁት። ቅዳሜ ሰርቷል እኮ።

ጭሱ | ሰኞ 5:31

ወንድሜ አይፒ ተጋጭቶብህ ነው። ራውተርህ ለአራት ኮምፒውተር ብቻ ነው የተሰራው፣ ከዛ በላይ ስትጨምርበት ይጨናነቃል። ማኔጅድ የሚባለውን (ሴቲንግ ያለውን) ስዊች ግዛ እሱ ራሱ ለሁሉም አይፒ ያከፋፍልልሃል። ርካሹ አይሆንም።

ብርሃን_ኔት | ሰኞ 5:37

ኧረ ጭሱ እንደዚ አይባልም፣ ሰውዬውን ደሞ ለማይጠቅመው ነገር ብር ልታስወጣው ነው። አራት ፖርት ማለት አራት ቀዳዳ ማለት ነው እንጂ አራት መሳሪያ ማለት አይደለም። አይፒ የሚያድለው ራውተሩ ውስጥ ያለው ዲኤችሲፒ ነው፣ የቤት ራውተር አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ በላይ ማደል ይችላል፣ በዋይፋይ የተያያዙት ስልኮች ሁሉ ከዛው ነው የሚወስዱት። ማኔጅድ ያልሆነ ስዊች ራሱ አይፒ የለውም፣ አያድልም አይወስድም፣ በቃ መሀል ሆኖ ያሳልፋል።

@ህትመት_ቤት አንድ ኮምፒውተር ላይ ጥቁሩን መስኮት (cmd) ክፈትና አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብለህ ፃፍ። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካወጣልህ ኮምፒውተሩ ዲኤችሲፒ ፈልጎ አጥቶ ለራሱ የሰጠው አድራሻ ነው፣ ከራውተሩ ጋር እየተነጋገረ አይደለም ማለት ነው።

ህትመት_ቤት | ሰኞ 5:44

አዎ! 169.254 ነው የሚለው። ሁለቱ ላይ አየሁት ሁለቱም።

ጋሽ_ሽቦ | ሰኞ 5:52

ልጄ ስዊቹን መልሰህ አብራውና መብራቶቹን እያቸው። በየተራ ብልጭ ድርግም ነው የሚሉት ወይስ ሁሉም በአንዴ እንደ እብድ ነው የሚርገበገቡት? ሁለተኛ ደሞ፣ ከራውተሩ ተነስቶ ስዊቹ ላይ የሚያርፈው ኬብል ስንት ነው? በግምት አትንገረኝ፣ ወርደህ በእጅህ እየነካህ ቁጠር።

ህትመት_ቤት | ሰኞ 6:05

ጋሽዬ ሁሉም በአንዴ ነው የሚርገበገቡት፣ በጣም ነው የሚፈጥነው፣ እንደውም ደህና እየሰራ መስሎኝ ነበር።

ኬብሉ አንድ ነው ብዬ ልፅፍልዎት ነበር። ቆጠርኩት፣ ሁለት ነው!! አንደኛው እኔ ቅዳሜ የሰካሁት ነው። ሁለተኛው ድሮ ከራውተሩ ወደ ዋናው ኮምፒውተር ይሄድ የነበረው ረጅሙ ሰማያዊ ኬብል ነው፣ ቅዳሜ ኮምፒውተሩን በሌላ ኬብል ወደ ስዊቹ ሳዞረው የዛኛውን ጫፍ ጠረጴዛው ስር ትቼው ነበር። ዛሬ ጠዋት የሚያፀዳልን ልጅ ኬብል ተነቅሎ ወድቆ አገኘና ስዊቹ ላይ ክፍት ቀዳዳ አይቶ ሰካው። ለመርዳት ብሎ ነው ምስኪን።

ሰማያዊውን ነቀልኩት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ተመለሰ። ይሄ ምን አይነት ተአምር ነው?

ጋሽ_ሽቦ | ሰኞ 6:29

ተአምር አይደለም፣ ሉፕ ይባላል። ልጁን እንዳትቆጣው፣ እኔ ስንት ትልቅ መስሪያ ቤት ውስጥ ዲግሪ ያለው ሰው ሲሰራው አይቻለሁ።

ነገሩ እንደዚ ነው። ኮምፒውተር ራውተሩን ሲፈልግ መጀመሪያ ለሁሉም ይጮሃል፣ 192.168.1.1 የማን ነው? ይላል። ይሄ ብሮድካስት ነው። ስዊች ብሮድካስት ሲመጣለት ከመጣበት ፖርት ውጪ በሁሉም ፖርት ያወጣዋል፣ ስራው ነው። አሁን በሁለት ኬብል ካገናኘኸው ጩኸቱ በአንደኛው ወደ ራውተሩ ይሄዳል፣ ራውተሩም ከኋላው ያሉት አራቱ ፖርቶች ውስጣቸው ትንሽ ስዊች ናቸውና በሁለተኛው ኬብል መልሶ ይልክለታል፣ ስዊቹም አዲስ መስሎት እንደገና ለሁሉም ያወጣዋል። በዛኛው አቅጣጫም እንደዛው። የገደል ማሚቶ እንኳን እየደከመ እየደከመ ይጠፋል፣ ይሄ ግን አይደክምም፣ ምክንያቱም ኢተርኔት ፍሬም (በኬብሉ የሚሄደው የዳታ ጥቅል) ላይ ይሄን ያህል ዞረህ ሙት የሚል ቁጥር የለም። አይፒ ላይ አለ፣ ግን እሱ የሚቀነሰው በራውተር ሲያልፍ ነው፣ እዚ ግን ስዊች ለስዊች ነው የሚቀባበሉት። አንዲት ጥያቄ በሰከንድ ሺህ ሆና ሽቦውን ትሞላዋለች። ዋይፋይህም አብሮ የሞተው ራውተሩ ዋይፋዩንና ላኑን እንደ አንድ ሰፈር ስለሚያያቸው ጩኸቱ ወደዛም ስለሚፈስ ነው።

እና ቅዳሜ ሰርቶ ሰኞ የሞተው ስዊቹ ተበላሽቶ አይደለም። ሻጩ ጋ አትሂድ።

አቦል | ሰኞ 6:40

ጋሽ ሽቦ እጅዎ ይባረክ 🙌 ግን አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ኬብል ቢደረግ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል ሲባል ሰምቼ ነበር እኮ? እኔ ቤት ሆን ብዬ ልሞክረው ነበር ሃሃ

ብርሃን_ኔት | ሰኞ 6:51

አቦል እንኳን አልሞከርከው 😂 ሁለት ኬብልን እንደ አንድ ማሰር አለ፣ ሊንክ አግሪጌሽን ይባላል፣ ግን በሁለቱም ጫፍ ያለው መሳሪያ መቻልና መስተካከል አለበት። ማኔጅድ ያልሆነ ስዊችና አብዛኛው የቤት ራውተር አይችሉትም። ሉፕ ሲያይ አንደኛውን መንገድ ራሱ የሚዘጋ ነገርም አለ፣ ስፓኒንግ ትሪ፣ እሱም በብዛት ማኔጅድ ላይ ነው የሚገኘው። አንዳንድ ርካሽ ስዊቾች አሁን አሁን ሉፕ መከላከያ ይዘው ይመጣሉ፣ ካርቶኑ ላይ ይፅፉታል፣ ግን አለው ብላችሁ አትመኑ።

ጭሱ ማኔጅድ ግዛ ያልከው በዚ ቢሆን ኖሮ እሺ እልህ ነበር፣ በአይፒ ግን አይደለም።

ጭሱ | ሰኞ 6:58

እሺ እሺ ተማርን። ግን አይፒ መጋጨት የሚባል ነገርም አለ በሉ እንጂ ሙሉ በሙሉ አታውጡኝ 😅

ብርሃን_ኔት | ሰኞ 7:03

አለ አለ። ለምሳሌ ፕሪንተር ላይ በእጅ 192.168.1.10 ብለህ ትሰጠዋለህ፣ ራውተሩ ይሄን አያውቅምና አንድ ቀን 10ን ለሰው ስልክ ያድለዋል፣ ከዛ ፕሪንተሩ አንዴ ይሰራል አንዴ አይሰራም፣ ሰው ቀለሙን ይቀይራል ድራይቨሩን ያራግፋል። ወይ ከሚታደለው ቁጥር ውጪ ስጡት ወይ ራውተሩ ላይ በማክ አድራሻው (ከፋብሪካ በተሰጠው መለያው) ቁጥሩን ያዙለት።

የዱባይ_ልጅ | ሰኞ 9:15 ከሰዓት

እዚ ዱባይ ያለነው አብዛኛው አፓርታማ ውስጥ ኬብሉ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚመጣው፣ በር አጠገብ ያለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ የየክፍሉ ኬብል ጫፍ ይሰበሰባል። ብዙ የኛ ልጆች ሳሎን ያለው ሶኬት ላይ ራውተር ይሰኩና መኝታ ቤት ያለው ለምን አልሰራም ይላሉ። ሳጥኗ ውስጥ ስዊች ከሌለ ጫፎቹ እርስ በርስ አይገናኙም እኮ፣ ባለ 5 ፖርት ገዝቶ እዛ ማስገባት ነው፣ ከሳሎኑ የሚመጣውም የመኝታ ቤቱም እሷ ላይ ይገናኛሉ። ብዙዎቹ ሳጥኖች ውስጥ የመብራት ሶኬትም አለ። ከአዲስ አበባው ጉዳይ ጋር ባይገናኝም አንድ ሰው ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

ህትመት_ቤት | ማክሰኞ 3:40 ጠዋት

ተመልሻለሁ፣ ሌላ ነገር ይዤ 🙈

ኢንተርኔቱ አሪፍ ነው። አሁን ሁሉም በኬብል ናቸው። ነገር ግን ፋይል ስናሻግር የሚገርም ነገር አየሁ። ፊት ለፊት ያሉት፣ ድሮ በዋይፋይ የነበሩት ሁለቱ ኮምፒውተሮች ከዋናው ላይ 4 ጊጋ ፋይል በአርባ ምናምን ሰከንድ ይጎትታሉ። የኋላው ክፍል ያሉት ሁለቱ ግን ያው የድሮ ኬብላቸው ነው ያለው፣ እነሱ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ላይ ይቆማሉ፣ ንቅንቅ የለም፣ ያው ፋይል ስድስት ደቂቃ ይወስዳል። ኮምፒውተሮቹ ከሌሎቹ እንደውም ይሻላሉ። ኢንተርኔቴ ትንሽ ፓኬጅ ስለሆነ ነው እንዳልል ይሄ ኢንተርኔት አይደለም። ምንድነው?

ፈጣን_ጣት | ማክሰኞ 3:52

ትክክል ነህ ከኢንተርኔት ፓኬጁ ጋር ምንም አያገናኘውም። እዛው ስዊች ላይ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ሲላላኩ ስዊቹ የማን ማክ አድራሻ በየትኛው ፖርት እንዳለ መዝግቦ ይይዝና ቀጥታ ከፖርት ወደ ፖርት ያሻግረዋል፣ ራውተሩን አይነካውም። ስለዚ ራውተርህ ቢጠፋ ራሱ ፋይሉ ይሄዳል። 11 ሜጋባይት ማለት ደሞ ልክ የ100 ሜጋቢት ጣሪያ ነው፣ 100 ለ8 ስታካፍለው 12.5፣ ከዛ ላይ ለመጠቅለያው ትንሽ ይቀነሳል። ጊጋቢት ቢሆን 110 አካባቢ ነው ጣሪያው። የኋላዎቹ በ100 ነው የተያያዙት ማለት ነው።

ብርሃን_ኔት | ማክሰኞ 4:01

ስዊቹ ላይ የነሱን መብራት እይ፣ ብዙ ስዊቾች ለጊጋቢት አረንጓዴ ለ100 ብርቱካንማ ያበራሉ፣ የአንተ መመሪያ ወረቀቱ ላይ አለ። ኮምፒውተሩ ላይም የኔትወርክ ካርዱ ስታተስ ውስጥ ስፒድ ይላል። 100 ካለ ደሞ 90 ፐርሰንት ጥፋቱ ኬብሉ ነው። የጃኩን ጫፍ በግልፅ ፕላስቲኩ በኩል እየውና ስንት ሽቦ እንዳለ ቁጠር።

ህትመት_ቤት | ማክሰኞ 4:26

አይ የኔ ነገር። አራት ነው ያለው። ብርቱካንና አረንጓዴ ብቻ። ሰማያዊውና ቡኒው የለም።

ቆይ ደሞ ጉዱ። ጫፉ ላይ የተጠቀለለውን ፕላስተር ስፈታው ከአንዱ ኬብል ሁለት ጃክ ነው የሚወጣው!! አንዱ በብርቱካንና አረንጓዴ፣ ሌላው በሰማያዊና ቡኒ። በዛኛው ጫፍም እንደዛው። እኔ ሁለት ኬብል ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ የሁለት ኬብል ሂሳብም ነው የከፈልኩት። የዘረጋልኝን ሰውዬ ስሙን አልጠራም።

አቦል | ማክሰኞ 4:30

😂😂😂 ይሄማ አንድ ዶሮ ገዝቶ ለሁለት ሰርግ ነው

ጋሽ_ሽቦ | ማክሰኞ 4:55

ሰውዬውን ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም፣ በሁለት ኬብል ማስከፈሉ ግን ነውር ነው። 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው ሁለት ጥማድ ብቻ ነው፣ ፒን 1 2 3 እና 6። የተቀረው አራት ሽቦ ስራ ፈት ነበር፣ ስለዚ ድሮ ሁላችንም ኬብል ለመቆጠብ አንዱን ለሁለት እንከፍለው ነበር፣ እኔም አድርጌዋለሁ አልዋሽም። ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥማድ ይፈልጋል፣ ስምንቱም ሽቦ መያዝ አለበት። ስምንቱ ካልተሟሉ አንዳንዱ ካርድ ራሱ ወደ 100 ይወርዳል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አልያያዝም ብሎ ያስቸግራል።

ድሮ ያልታወቀህም ንፅፅር ስላልነበረህ ነው፣ ከዋይፋዮቹ እነሱ ይሻሉ ነበርና።

አሁን የምታደርገው፣ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጠህ ስምንቱንም ሽቦ አንድ ጃክ ላይ መልሰህ ክሪምፕ አስደርግ (በመቆንጠጫ አስጠብቅ)። ቅደም ተከተሉ፣ ጃኩን መቀርቀሪያዋ ወደታች ሆና የወርቅ ፒኖቹ ወደ ላይ ስትይዘው ከግራ ወደ ቀኝ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ሁለቱም ጫፍ አንድ አይነት ይሁን። ስዊች ለራውተር ክሮስ ኬብል (የሁለቱ ጫፍ የሽቦ ቅደም ተከተል የተለያየ) ያስፈልጋል የሚልህ ካለ የድሮ ወሬ ነው፣ ጊጋቢት መሳሪያዎች ራሳቸው ያስተካክሉታል።

ከዛ በኋላ ግን ኬብሉ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ሁለተኛው ይቀራል። ወይ ሌላ ኬብል ትጎትታለህ፣ ወይ ኋላ ክፍል ሌላ ትንሽ ስዊች ታስቀምጣለህ።

ህትመት_ቤት | ማክሰኞ 5:02

ጋሽዬ ስዊች ላይ ስዊች ይሰካል እንዴ? ሉፕ አይሆንም? አሁን ፈራሁ 😅

ጋሽ_ሽቦ | ማክሰኞ 5:10

ይሰካል። በመካከላቸው አንድ መንገድ ብቻ እስካለ ድረስ ሉፕ የለም። እንደ ዛፍ አስበው፣ ግንድ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅርንጫፉ ሌላ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ግን ቅርንጫፉ ተመልሶ ግንዱ ላይ አይተከልም። የሚጎዳህ ነገር ቢኖር ሁለቱ የኋላ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ከፊት ፋይል ከጎተቱ ያንን አንድ ጊጋ ይካፈሉታል። ለናንተ ስራ ይበቃል።

ትንሿንም ስትገዛ ጊጋቢት መሆኗን ካርቶኑ ላይ አይተህ ግዛ። 10/100 ብቻ ካለ ተዋት፣ 10/100/1000 ማለት አለበት። በመልክ አንድ ናቸው፣ በዋጋም ያን ያህል አይራራቁም፣ ሻጭ ደሞ ሁሉንም ሃብ ነው የሚላቸው።

ፈጣን_ጣት | ማክሰኞ 5:21

አሮጌ ራውተር ካለህ እሱንም እንደ ስዊች መጠቀም ትችላለህ፣ ዲኤችሲፒውን አጥፍተህ፣ የራሱን አይፒ ወደ 192.168.1.2 ምናምን ቀይረህ፣ ላን ለላን መሰካት ነው። ዲኤችሲፒውን ሳታጠፋ ከሰካኸው ግን ሁለት አዳይ ይኖርና ግማሹ ኮምፒውተር የተሳሳተ መንገድ ይዞ ይጠፋል። አሮጌዎቹ ብዙዎቹ 100 ስለሆኑ ለአንተ ፋይል አይሆኑም እንጂ ለዲቪአር ለቲቪ ይበቃሉ።

ብርሃን_ኔት | ማክሰኞ 5:30

ሶስት ነገር ልጨምርና ወደ ስራዬ። ኬብል ስትገዛ መዳብ መሆኑን አረጋግጥ፣ ገበያው ላይ አልሙኒየም ላዩን መዳብ የተቀባ ሞልቷል፣ ሽቦውን በምላጭ ስትፍቀው ውስጡ ነጭ ከሆነ እሱ ነው፣ ሁለት ሶስቴ ስታጥፈው ይሰበራል። ካት 5ኢ የሚባለው ኬብል እስከ 100 ሜትር ጊጋቢት ይወስዳል፣ ለአንድ ቢሮ ካት 6 ካላገኘሁ ብለህ አትጨነቅ። ሁለተኛ፣ ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ እንዳታስገባው።

ሶስተኛ፣ የስዊቹን አዳፕተር ከራውተሩ አዳፕተር ጋር እንዳታለዋውጥ!! ጫፋቸው አንዱ ለአንዱ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ግን አንዱ 5 ቮልት አንዱ 12 ቮልት ሊሆን ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በጨለማ ዲቫይደር ስር የሚደረገው መሰካካት ስንቱን ስዊች በልቷል። ላያቸው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስማቸውን ፃፉባቸው።

የዱባይ_ልጅ | ማክሰኞ 5:44

ዲቪአሩስ? ፒኦኢ ስዊች አያስፈልገውም?

ብርሃን_ኔት | ማክሰኞ 5:49

ዲቪአር ካለ ካሜራዎቹ ብዙውን ጊዜ በኮአክሲያል (እንደ ዲሽ ኬብል ባለው) ነው የሚመጡት፣ ወደ ስዊች የሚሄደው የዲቪአሩ አንድ ኬብል ብቻ ነው። ፒኦኢ የሚያስፈልገው በኔትወርክ ኬብሉ መብራት የሚወስዱ የአይፒ ካሜራዎች ሲኖሩ ነው።

ህትመት_ቤት | ሐሙስ 11:20 ማታ

ሪፖርት። ባለ 5 ፖርት ጊጋቢት ገዛሁ፣ ጃኮቹን ሌላ ልጅ ጠርቼ በስምንት ሽቦ አስቀጠልኩ፣ በቴስተር ከ1 እስከ 8 በተራ አበራልኝ። አሁን የኋላዎቹም በሰከንድ 105፣ 108 ሜጋባይት ይጎትታሉ። አንዱ ላይ 70 አካባቢ ይቆማል፣ እሱ ሃርድ ዲስኩ አሮጌ ስለሆነ ነው መሰለኝ። ዲቪአሩም ገባ፣ ቤቴ ሆኜ ስራ ቤቷን በስልክ እያየሁ ነው ይሄን የምፅፈው።

ጋሽዬ፣ ብርሃን፣ ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። የሚያፀዳው ልጅ ደሞ ጉዱን ሲሰማ በራሱ ጊዜ ክፍት የቀሩትን ቀዳዳዎች ሁሉ በፕላስተር ሸፍኖ አገኘሁት፣ የራውተሩን የአንቴና ቀዳዳ ሳይቀር።

ጋሽ_ሽቦ | ሐሙስ 11:41

ራውተሩ የአየር ማስወጫ ላይም እንዳይሆን የለጠፈው። ሂድና እይ።

ህትመት_ቤት | ዓርብ 2:50 ጠዋት

ለጥፎታል 😂 አነሳሁት።